ቦይለሩ ከመቀየሩ በፊት የተደፈነው ቦታ ይፈለግ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በጅማ ቤቶች ስለ ሻወር የሚሰማው ስሞታ ከሁለት አያልፍም። አንዱ «ቀዝቃዛው በደንብ ይወርዳል፣ ሙቁ ግን እንደ ክር ቀጥኗል» የሚል ነው። ሌላው «መጀመሪያ ይሞቃል፤ ሳሙናውን ሳናስለቅቅ ይቀዘቅዛል» የሚል ነው። ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ ግን አንድ ሆኖ ቀርቷል፤ ቦይለሩ አርጅቷል ተብሎ ይወርዳል፣ አዲስ ተገዝቶ ይሰቀላል። አዲሱ በተሰቀለ ማግስት ውኃው ያው ነው፤ የጠበበው ውኃው የሚገባበት ወይም የሚወጣበት መንገድ እንጂ ቦይለሩ አልነበረምና። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። አንባቢዎቻችሁ ለአዲስ ዕቃ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ራሳቸው ሊያዩት የሚችሉትንና ለባለሙያ መተው ያለበትን ለይተን ለመጻፍ የወደድነው ለዚህ ነው።

ለመጀመሪያው ምርመራ መፍቻ አያስፈልግም፤ ባለ 10 ሊትር ባልዲና የስልክ ሰዓት ይበቃል። የሻወሩን ራስ ፍቱት፤ ሚክሰሩን (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚደባልቀውን ቧንቧ) ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቁ አዙራችሁ በአንድ ደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚወጣ ለኩ። ከዚያ ወደ ቀዝቃዛው አዙራችሁ ድገሙት። ለመታጠብ የሚመቸው በደቂቃ 6 ሊትር አካባቢ ነው። ሁለቱም እኩል አንሰው ከተገኙ ነገሩ የሙቅ ውኃ ችግር አይደለም፤ ግፊቱ ነው፣ ወይም ዋናው ቫልቭ ነው። ቀዝቃዛው 8 ሊትር ሰጥቶ ሙቁ 2 ሊትር ላይ ከቀረ ግን መንገዱ ከሙቁ በኩል ጠቧል። ቀጥሎ የእጅ መታጠቢያውንና የኩሽናውን ሙቅ ቧንቧ ክፈቱ። ሙቁ በሁሉም ቦታ ደካማ ከሆነ መፈለግ ያለበት ቦይለሩ አጠገብ ነው። ሻወሩ ላይ ብቻ ከሆነ ቦይለሩን አትንኩት፤ ሚክሰሩ ነው። ራሱ ሳይገጠም በደንብ ወርዶ ሲገጠም ከቀነሰ ደግሞ የሻወሩ ራስ ነው፤ አቼቶ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፎ ቀዳዳዎቹን በመርፌ መጥረግ ይበቃዋል።

የጅማ ውኃ መነሻው ግልገል ጊቤ ወንዝ ነው፤ አካባቢው ዝናብ የጠገበ፣ አፈሩ ቀይ ነው። ውኃ ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ደግሞ በቧንቧ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ደለልና የብረት ዝገት ተነሥቶ ወደየቤቱ ይገባል። የመጀመሪያዎቹን ባልዲዎች ቀይ ሆነው ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ይህ ደለል ታዲያ የሚቀመጠው ውኃ በሚዘገይበትና ቀዳዳ በሚጠብበት ቦታ ነው፤ የቦይለር መግቢያ ሁለቱንም ነው።

ሙቁ በሁሉም ቧንቧ ደካማ ሲሆን መግቢያውን ከታች ወደ ላይ ተከተሉት። መጀመሪያ የሚገኘው መዝጊያ ቫልቭ ነው። በርካሹ የናስ ጌት ቫልቭ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ጉድለት አለ። እጀታውን ስታዞሩት ይዞራል፤ የተከፈተም ይመስላል፤ ውስጥ ያለው በር ግን ከዘንጉ ተላቆ ወርዶ መንገዱን ግማሽ ያህል ዘግቶ ተቀምጧል። ምልክቱ እጀታው ጫፉ ላይ ሲደርስ «ጠበቀ» የሚል ስሜት አለመስጠቱ ነው፤ ላልቶ ይዞራል። ይህን መጠገን አያዋጣም። በቦል ቫልቭ ይቀየር፤ እጀታው ከቧንቧው ጋር ትይዩ ሲሆን ክፍት፣ ሲያቋርጠው ዝግ መሆኑ በዓይን ይታያል።

ከቫልቩ ቀጥሎ ፍሌክሲብሉ፣ ማለት ተጣጣፊው ቱቦ፣ አለ። ከውጭ የሽቦ ጉንጉኑ ደህና ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለው ጎማ በሙቀት አብጦ ሊዘጋ ይችላል፤ ግድግዳው ላይ ተጨቁኖ ከታጠፈም ያው ነው። ፈትታችሁ በአንድ ጫፍ ብርሃን ተመልከቱበት። ከዚያ በላይ፣ ቦይለሩ ላይ በሰማያዊው በኩል የታሰረችው ትንሿ ሴፍቲ ቫልቭ አለች። ይህች ዕቃ ሁለት ሥራ አላት፤ ውኃው ወደ መጣበት እንዳይመለስ ትይዛለች፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍም ትለቃለች። በብዙዎቹ ላይ የሚለቁበት ግፊት 7 ወይም 8 ባር ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ውስጧ ያለው መመለሻ ከልካይ በስፕሪንግ የሚሠራ ትንሽ ክዳን ነው፤ ጥቂት ደለልና አንድ የቴፍሎን ቁራጭ ከያዘችው ግማሽ ተከፍታ ትቀራለች። ቴፍሎን ሲጠመጠም የመጀመሪያው የጥርስ መስመር ባዶ ይተው የምንለው ለዚህ ነው፤ ከጫፉ ያለፈው ቁራጭ ተቆርጦ የሚሄደው እዚያ ነው። ፈትታችሁ ክዳኗን በእንጨት ገፋ አድርጉት፤ ተመልሶ ካልመጣ ወይም ገፍታችሁት ካልሄደ ቀይሯት።

ስለዚህች ቫልቭ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ቦይለሩ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ብትል ሥራዋን እየሠራች ነው። 50 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይሰፋል፤ መመለሻው ዝግ ስለሆነ በእሷ በኩል ይወጣል። ወለሉ ረጠበ ብሎ መውጫዋን በቡሽ ወይም በብሎን መድፈን ቦይለሩን ቦምብ ማድረግ ነው። ቀጭን ቱቦ ታስሮላት ወደ ፍሳሹ ይውረድ እንጂ አትደፈን።

የቦይለሩን ሆድ ማጠብ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ሳይከብድ በግንቦትና ዝናቡ ሲያልፍ በኅዳር ቢሆን ይመረጣል። ብሬከሩ ይጠፋል፤ ውኃው እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ መግቢያው ይዘጋል፤ አየር እንዲገባ አንድ ሙቅ ቧንቧ ይከፈታል፤ ከዚያ ከታች ፍሌክሲብሉና ሴፍቲ ቫልቯ ተፈትተው ውኃው በባልዲ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ብቻ አውርዶ መተው አይበቃም። ዕቃዎቹ ተመልሰው ታስረው 5 ሊትር ያህል ይግባ፣ ደለሉን ያናውጠው፣ እንደገና ይውረድ፤ ጥርት እስኪል ይደጋገም። በሁለት ዓመት አንዴ ደግሞ ክዳኑ ተከፍቶ ሬዚስታንሱ (ውኃውን የሚያሞቀው ክፍል) እና የማግኒዥየም ዘንጉ ይታዩ። ዘንጉ ተበልቶ ሽቦው ከታየ ይቀየር፤ እሱ ሲያልቅ ዝገቱ የሚዞረው ወደ ቦይለሩ ሆድ ነው። ክዳኑ ሲመለስ ጎሚኒው አዲስ ይሁን።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። በጅማ በብዙ ግቢ ያለው ዝርጋታ እንዲህ ነው፤ ቦይለሩ ውኃ የሚያገኘው ከሮቶ ነው፣ የሻወሩ ቀዝቃዛ ግን በቀጥታ ከከተማው መስመር ይመጣል። ሠሪው «ሮቶው ቢያልቅ ቀዝቃዛው ይተርፋል» ብሎ በደግ አስቦ ያደረገው ነው። ነገር ግን ሚክሰር ውስጥ ሁለቱ ውኃዎች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ነው፤ ሮቶው ከሻወሩ ራስ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ሙቁ ይዞ የሚመጣው 0.2 ባር ብቻ ነው። መስመሩ 2 ባር ይዞ ቢመጣ አሥር እጥፍ ነው። ሚክሰሩን መሐል ላይ ስታደርጉት ጉልበተኛው ቀዝቃዛ ሙቁን ወደ መጣበት ይገፋዋል። ሙቁ ብቻውን ሲከፈት ይወርዳል፤ ቀዝቃዛ ጠብ ሲደረግበት ግን ድንገት ይጠፋል። የከተማው ውኃ በተቋረጠ ቀን ደግሞ ሻወሩ ፍል ውኃ ብቻ ይሆንና ያቃጥላል። «አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም» የሚባለው ሻወር ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ቦይለር ቢቀያየርለት አይድንም።

መድኃኒቱ ሁለቱንም ከአንድ ምንጭ ማምጣት ነው። ከሮቶው የሚወርደው ቧንቧ 32 ሚሊ ይሁን፤ ከዚያ ላይ በቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ተከፍሎ አንዱ 25 ሚሊ ወደ ቦይለሩ፣ ሌላው 25 ሚሊ ወደ ሻወሩ ቀዝቃዛ ይሂድ። የከተማው መስመር ሮቶውን ይሙላ፤ ለግቢውና ለኩሽናው ቀዝቃዛም ያገልግል። መመለሻ ከልካይ መጨመር ሙቁ ወደ ኋላ እንዳይገፋ ያደርጋል እንጂ ግፊቱን እኩል አያደርገውም፤ በዚህ ብቻ የተድበሰበሰ ሥራ አትቀበሉ።

ግፊቱ ራሱ ማነሱም አለ። 3 ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ትልቅ ይመስላል፤ የሻወሩ ራስ ግን ራሱ ከወለል 2 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ ሮቶው ሊያልቅ ሲል የሚተርፈው 1 ሜትር፣ ማለት 0.1 ባር ነው። ብዙዎቹ ባለ አንድ እጀታ ሚክሰሮች በደንብ ለመሥራት 0.5 ባርና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ለእንዲህ ያለ ቤት የድሮው ባለ ሁለት እጀታ ይሻለዋል፤ ካልሆነ ማማው ከፍ ይበል፣ ወይም ከሮቶው በኋላ ሁለቱንም መስመር የሚመግብ ትንሽ ፓምፕ ይግባ። ፓምፑን ከከተማው መስመር ጋር በቀጥታ አስሮ መሳብ ግን የጎረቤትን ውኃ መውሰድ ነው፤ ቧንቧው በተሰነጠቀበት ሁሉ ጭቃውን ወደ ውስጥ ይስባል።

ሮቶውን ካነሣን፣ መውጫው ከሥሩ 5 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይበሳ፤ ለብቻው ደግሞ ከወለሉ የማጠቢያ መፍሰሻ ይኑረው። ደለሉ ከታች ይተኛል፣ ቦይለሩ ከላይ ይጠጣል። ከቦይለሩ መግቢያ በፊት ወንፊት ያለው የናስ ፊልተር አንድ ብቻ ቢታሰር በየዓመቱ የሚከፈለውን የእጅ ዋጋ ያስቀራል። ጠፍጣፋውን ቡሽ ፈትቶ ወንፊቱን በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ማንም ይችላል።

ለብ ብቻ እያለ የሚቀር ውኃም አለ፤ መውረዱስ ይወርዳል ግን አይሞቅም። እዚህ ላይ የምንወደው ቀላል ፈተና አለ። የቦይለሩን መግቢያ ዝጉና አንድ ሙቅ ቧንቧ ክፈቱ። በጥቂት ሰከንድ መቆም አለበት። መውረዱን ከቀጠለ ቀዝቃዛው የሆነ ቦታ ላይ ወደ ሙቁ መስመር ይሻገራል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ጫፉ ላይ መዝጊያ ያለው ሻታፍ (የመጸዳጃ ቤት የእጅ መርጫ) ወይም የእጅ ሻወር ነው፤ ሚክሰሩ ክፍት ሆኖ ጫፉ ብቻ ሲዘጋ ሁለቱ ውኃዎች ሚክሰሩ ውስጥ ይገናኛሉ። ሚክሰሩን መዝጋት ልማድ ይሁን። ከዚህ ውጭ ከሆነ የአንዱ ሚክሰር ካርትሪጅ (ውኃውን የሚከፍተውና የሚደባልቀው የውስጥ ክፍል) ተበልቷል፤ በእጅ መታጠቢያዎቹ ሥር ያሉትን አንግል ቫልቮች አንድ በአንድ እየዘጋችሁ ውኃው የቆመበትን ያዙ።

ካርትሪጁን ማውጣት አይከብድም። የሁለቱም መስመር ውኃ ይዘጋል፤ በእጀታው ላይ ያለችው ቀይና ሰማያዊ ክዳን ትነሣለች፤ ከሥሯ ያለው ብሎን በባለ ስድስት ጎን መፍቻ ይፈታል፤ ከዚያ የናሱ ቀለበት። ሲወጣ ሥሩን ተመልከቱ፤ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ በሙቁ ቀዳዳ ላይ የአሸዋ ቅንጣት ወይም የዝገት ቅርፊት ተሰንቅሮ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጎሚኒዎቹ ካልተቆረጡ ታጥቦ ይመለሳል። የሚቀየር ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ መርካቶ ሂዱ፤ 35 ሚሊ እና 40 ሚሊ በዓይን ይመሳሰላሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይገባም። ሚክሰሩ ከግድግዳው ጋር የሚታሰርባቸው ሁለት ዳዶዎች ውስጥም ወንፊት ያለው ጎሚኒ ሊኖር ይችላል፤ እሱን ሳያዩ ሚክሰር መቀየር ተገቢ አይደለም።

ከግድግዳው ውስጥ ያለው ጥፋት ግን የሚያሳዝን ነው፤ ሴራሚክ ያስፈርሳልና። ባለ 20 ሚሊ የሙቅ ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) የውስጥ ስፋቱ 13 ሚሊ ያህል ብቻ ነው። የመበየጃው ማሽን በ260 ዲግሪ ሲሠራ 20 ሚሊውን 5 ሰከንድ፣ 25 ሚሊውን 7 ሰከንድ ማሞቅ ይበቃል፤ 20 ሚሊው የሚገባው ጥልቀትም 14 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሠሪው «ይጥበቅ» ብሎ 10 ሰከንድ ካሞቀውና እስከ ጥግ ከገፋው የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀለበት ይሠራል። 2 ሚሊ የሚሆን ቀለበት ዙሪያውን ቢሠራ የውኃው መንገድ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ በአንድ መስመር ላይ አሥር መገጣጠሚያ ሲኖር ደግሞ አስቡት። አዲስ ቤት የምታሠሩ ሰዎች ሠራተኛው ሥራ ሲጀምር አንድ መገጣጠሚያ አስበያጁና በመጋዝ ለሁለት አስቆርጡት። ውስጡን በጣታችሁ ዳሱት። ለስላሳ ከሆነ ይቀጥል። ለሙቁ መስመር የሚገዛውም ግድግዳው ወፍራም የሆነው፣ ብዙ ጊዜ ቀይ መስመር የተሰመረበት ይሁን፤ ስሱ በሙቀት ይለምጣል።

ቶሎ የሚቀዘቅዘውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ። 50 ሊትር ቦይለር በ60 ዲግሪ ሞልቶ ከ20 ዲግሪ ውኃ ጋር ቢደባለቅ ለመታጠቢያ የሚሆን 40 ዲግሪ ውኃ ቢበዛ 100 ሊትር ይሰጣል፤ በተግባር 80 ሊትር በሉት። በደቂቃ 6 ሊትር ከሆነ 13 ደቂቃ ነው። አምስት ሰው ተከታትሎ ገብቶ አምስተኛው ቢቀዘቅዝበት የተበላሸ ዕቃ የለም። ከ10 ሊትር በኋላ ከቀዘቀዘ ግን ቧንቧዎቹ ተገላብጠው ታስረው እንደሆነ እዩ። ሰማያዊው መግቢያ አጭር ነው፤ ቀዩ መውጫ ረጅም ቱቦ ሆኖ እስከ ላይ ይደርሳል፣ ሙቁ የሚቀመጠው ከላይ ነውና። ሲገላበጥ ከሥር ያለውን ቀዝቃዛ ይወስዳል። በትክክል የታሰረ ቆይቶ ድንገት እንዲህ ከሆነ ያ ረጅም ቱቦ ተበልቶ ወድቋል።

ኤሌክትሪኩም አለ። 1.5 ኪሎ ዋት ቦይለር 50 ሊትሩን ከ20 ወደ 60 ለማድረስ በ220 ቮልት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ የሬዚስታንሱ ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ ጊዜውም ከሁለት ሰዓት ሩብ በላይ ይሆናል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ማብራት ይህን ይፈታል።

ውኃውን በቅጽበት የሚያሞቀው የሻወር ማሞቂያ ሕጉ ሌላ ነው። ባለ 4.5 ኪሎ ዋቱ በደቂቃ 3 ሊትር ሲያልፍበት 21 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ 6 ሊትር ካለፈበት ከ11 ዲግሪ አይበልጥም። ስለዚህ «አልሞቀም» ሲባል ቧንቧውን ቀነስ ማድረግ ነው እንጂ መክፈት አይደለም። ጨርሶ ካልበራ ደግሞ ግፊቱ ውስጡ ያለውን ላስቲክ ገፍቶ ኮንታክቱን መዝጋት አቅቶታል፤ መግቢያው ላይ ያለችውን ወንፊት እጠቡ፣ ካልሆነ ሮቶው ዝቅ ብሏል። ይህ ዕቃ ከ20 አምፔር በላይ ይስባል፤ የራሱ ብሬከርና ባለ 4 ሚሊ ሽቦ ሳይኖረው፣ ከሁሉ በላይ ኧርዝ ሳይኖረው አይታሰር። ውኃው ትንሽም ቢነዝር ወዲያው ከብሬከሩ አጥፉትና ባለሙያ ሳያየው አትመለሱበት፤ ሬዚስታንሱ ተሰንጥቋል፣ ወይም ሽቦ አካሉን ነክቷል።

የቀረው አየር ነው። ውኃ ጠፍቶ ሲመለስ ሙቁ ቧንቧ እያስነጠሰ ይተፋል፣ ከዚያ ይቆማል። ከሮቶው ወደ ቦይለሩ የሚመጣው ቧንቧ ጣራ ላይ ጉብ ብሎ ከተመለሰ አየሩ እዚያ ጉብታ ላይ ይቀመጣል፤ የሮቶ ግፊት ደግሞ ሊያስለቅቀው አይችልም። ብሬከሩን አጥፍታችሁ፣ በቦይለሩ መግቢያ ያለውን የፍሌክሲብል ዳዶ አላሉና ባልዲ ደግኑበት፤ ሳይቆራረጥ ሲወርድ እሰሩት። ዘላቂው ግን ቧንቧው ከሮቶው ጀምሮ ያለ ጉብታ ቁልቁል እንዲወርድ ማድረግ፣ ካልተቻለም ከጉብታው ላይ ክፍት ቀጭን ቧንቧ ከሮቶው አፍ በላይ ማውጣት ነው። ውኃ ጠፍቶ በተመለሰበት ቀን ቦይለሩ አይብራ፤ አስቀድሞ ሙቁ ቧንቧ ይከፈት፣ ሳያስነጥስ አንድ ደቂቃ ይውረድ፣ ከዚያ ይብራ። መመለሻ ከልካዩ ከተበላሸ ወይም ከሌለ ቦይለሩ በገባበት ተመልሶ ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ ላይ የበራ ሬዚስታንስ ደግሞ ይቃጠላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በቧንቧና በኤሌክትሪክ ዝርጋታ የተሰማራን ባለሙያዎች
ጅማ